የመቅደላ ታቦታት መዝገብ ለማን ይከፈታል?

ስለ መቅደላ ምርኮ በየጊዜው ብዙ ተጽፏል፤ ከዚህም የተነሣ አንባቢ ርእሱን እንዳየ ወዴት እንደምናመራ አስቀድሞ ያወቀ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን ዕቃው ይመለስ ወይስ አይመለስ የሚለውን የቆየ ክርክር እንደገና ለማንሣት አላሰብንም። የምንመረምረው ከዕቃው አጠገብ ያለውን ወረቀት ነው። ይኸውም በለንደን የሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መዘክር፣ በተለምዶ ብሪቲሽ ሙዚየም የሚባለው፣ በእጁ ስላሉት 11 የኢትዮጵያ ታቦታት የተነጋገረበት ቃለ ጉባኤ፣ የተጻጻፈው ደብዳቤና የተቀበለው ምክር ለሕዝብ ሊከፈት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። አሳባችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ ታቦቱ ተሸፍኖ ይኑር፤ መዝገቡ ግን ይገለጥ እንላለን። ቤተ መዘክሩ ሁለቱን በአንድ መጋረጃ ጋርዷቸዋል፤ ሒሳችንም በዚሁ ላይ ነው። (ነገሩ ከእንግሊዝ አገር ጋር ስለ ተያያዘ፣ «ዓ.ም.» ያልነው የኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» ያልነው የፈረንጆቹ መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።)

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ የሆነውን እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ የሰማነው ነው። ለነገራችን የሚጠቅመው አንድ ሰው ነው። ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪታንያ ቤተ መዘክር የብራና መጻሕፍት ክፍል ረዳት አብሮ መጥቶ ነበር። የእርሱ ዘመቻ ዕቃ መሰብሰብ ነበረ። አምባው በተያዘበት ዕለት የጳጳሱን ዘውድና ከባድ የወርቅ ጽዋ ተሸክሞ ከሚሄድ ወታደር ላይ ሁለቱንም በ4 ፓውንድ ገዛ። በኋላም ምርኮው በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ደረሰና ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ተሸጠ፤ ከሽያጩ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብም ለወታደሩ ተከፋፈለ። በዚያ ጨረታ ላይ ቤተ መዘክሩን ወክሎ የቆመው ይኸው ሆልምስ ነው። በዚህ መንገድ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ቤተ መዘክሩ ገቡ፤ ዛሬ እነዚህ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1973 ከቤተ መዘክሩ በተለየው በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

እነዚህን ቁጥሮች እንዴት ልናውቃቸው ቻልን? ይህን ጥያቄ መጠየቅ ለተመራማሪ ግዴታው ነው። የዝሆኑንና የበቅሎውን ቁጥር የነገረን የእኛ ጸሓፌ ትእዛዝ አይደለም። ጦሩን ተከትለው የመጡት ጋዜጠኛው ስታንሊና ጂኦግራፈሩ ማርካም በየመጽሐፋቸው ያዩትን ጽፈዋል፤ መኮንኖቹ ለመንግሥታቸው ያቀረቡት ዘገባ ታትሟል፤ የፓርላማውም ክርክር ቃል በቃል ተመዝግቦ ይገኛል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን በጁን 1871 እ.ኤ.አ. በፓርላማ ቆሞ፣ የዘውዱና የጽዋው ከኢትዮጵያ መወሰድ እጅግ የሚያሳዝን ነገር መሆኑን መናገሩን የምናውቀው ያ መዝገብ ለሁሉ የተከፈተ በመሆኑ ነው። በአጭሩ የዘረፋውን ታሪክ የምናነበው ከዘራፊው ወረቀት ነው። ይህን ስንናገር በውስጡ ለእንግሊዞች የሚገባ ምስጋና እንዳለ አንክድም፤ የጻፉትን አላቃጠሉትም። ነገር ግን የተከፈተው መዝገብ ምን ያህል እንደ ጠቀመን ካወቅን፣ የተዘጋው መዝገብ ምን ያህል እንደሚጎዳን ማወቅ አያዳግትም።

የዚህን ጉዳት መጠን አንድ ታሪክ ያሳየናልና በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆይ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በነገሡ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1872፣ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ደብዳቤ ጻፉ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛው ክብረ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው፣ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ሲሄዱ ይዘውት የሚወጡት፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታችን ሥዕል። መጽሐፉን በተመለከተ ጉዳዩ ቀላል ሆነ። ቤተ መዘክሩ ያገኘውን ሁሉ በመዝገብ አስፍሮት ስለ ነበር፣ ከመቅደላ የመጣ ክብረ ነገሥት ሁለት ቅጂ እንዳለው ወዲያው ታወቀ፤ ባለአደራዎቹም በዚያው ዓመት አንደኛውን መለሱ። የተጠየቀው በኦገስት ነው፤ ዓመቱ ሳያልቅ መልስ ተገኘ። አንባቢ ይህን ፍጥነት በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለንና።

የሥዕሉ ነገር ግን እንዲህ አልሆነም። ንግሥቲቱ በዲሴምበር 1872 እ.ኤ.አ. ለዐፄ ዮሐንስ በላከችው መልስ፣ የሥዕሉ ዱካ ከቶ እንዳልተገኘና ወደ እንግሊዝ አገርም የመጣ እንደማይመስላት ገለጸች። ንግሥቲቱ ዋሽታለች አንልም፤ የጠየቀቻቸው ሰዎች ምን እንዳወቁ ከዚህ ሆነን መፍረድ አንችልም። እውነቱ ግን ይህ ነው፤ ሥዕሉ በዚያን ሰዓት በእንግሊዝ አገር ነበረ፤ የያዘውም ያ ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ሆልምስ ከመቅደላ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1870 የንግሥቲቱ የዊንድሶር ቤተ መንግሥት የመጻሕፍት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾሞ ነበር። በቤተ መዘክሩ ስም የተላከው ሰው ያገኘውን ሥዕል ለቤተ መዘክሩ ሳያስመዘግብ ለራሱ አስቀርቶት ነበርና፣ የሚያስተላልፈው አንድም የመዝገብ መሥመር አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ የፈለጉት ሥዕል መልሱን በምትፈርመው ንግሥት ባለሥልጣን እጅ እያለ፣ መልሱ «የለም» የሚል ሆነ። ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1889 በመተማ ወደቁ፤ የሥዕሉ ፎቶግራፍ «በርሊንግተን ማጋዚን» በተባለው መጽሔት ባለቤቱ ሆልምስ መሆኑን ከሚገልጽ ጽሑፍ ጋር የወጣው በ1905 ነው። በ1917 በጨረታ ተሸጠ፤ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ ወደ ፖርቱጋል ገባ፤ ወደ አገሩም አልተመለሰም። የዚህን ሥዕል ታሪክ አሳድደው የጻፉት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዲሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው።

እንግዲህ ከአንድ አምባ የወጡ፣ በአንድ ደብዳቤ የተጠየቁ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። የተመዘገበው ተመለሰ፤ ያልተመዘገበው ጠፋ። ልዩነቱን ያመጣው የመጽሐፉ ቅድስና ከሥዕሉ ስለ በለጠ አይደለም፤ የእንግሊዝ ልብም ለአንዱ ርኅሩኅ፣ ለአንዱ ጨካኝ ስለ ሆነ አይደለም። መዝገብ ነው። መዝገብ የጽሕፈት ቤት ጣጣ እንጂ ሌላ ምን አለው የሚል ሰው ቢኖር፣ ይህን ታሪክ ደግሞ ያንብብ።

አሁን ወደ ታቦታቱ እንምጣ። 11ዱ ታቦታት በቤተ መዘክሩ ዕቃ ቤት ውስጥ በተለየ ክፍል ተዘግተው ይኖራሉ። ለሕዝብ አይታዩም፤ ፎቶግራፍ አይነሡም፤ ለምርምርም አይሰጡም። የቤተ መዘክሩ የራሱ ሠራተኞችና ባለአደራዎች እንኳ አያዩአቸውም፤ ወደ እነርሱ ሊቀርቡ የሚፈቀድላቸው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ብቻ ናቸው። ቤተ መዘክሩ ይህን ያደረገው የቤተ ክርስቲያኒቱን ሥርዓት ለማክበር ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ግፍ ነውና እንናገራለን። ከመቅደላ የመጣውም በዘረፋ እንደ ሆነ በግልጽ ጽፎ አምኗል። ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግንና ታቦት ሲወጣ ከሩቅ ቆመን ያየን አለን፤ ቢሆንም ታቦት ያለ ካህን እጅ እንደማይነካ ለማወቅ የግድ ቅኔ ቤት መዋል አያሻም፤ የዖዛን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር ግን ይህ አክብሮት ከሕጉ ጋር ሲገናኝ እንግዳ ነገር ይወልዳል። ቤተ መዘክሩ የሚተዳደረው እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣ የእንግሊዝ ሕግ ነው። በሕጉ በ3ኛው አንቀጽ መሠረት፣ ሕዝብ ማየት ሲፈልግ ዕቃዎቹ በተቻለ መጠን እንዲታዩ ማድረግ የባለአደራዎቹ ግዴታ ነው። 5ኛው አንቀጽ ደግሞ ባለአደራዎቹ ዕቃ ከእጃቸው የሚያወጡበትን ምክንያት በጣም ያጠበዋል፤ ቅጂው ሌላ ካለ፣ ወይም ደግሞ በእነርሱ አስተያየት ዕቃው በቤተ መዘክሩ ሊቆይ የማይገባው ከሆነና መውጣቱ የተማሪዎችን ጥቅም የማይጎዳ ከሆነ ይወጣል። «አንመልስም» የሚባለው ሁሉ በዚህ አንቀጽ ላይ ይደገፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 አንዲት እንግሊዛዊት የሕግ ባለሙያ ይህንኑ አንቀጽ መርምራ ታቦታቱን መመለስ ሕጉ አይከለክልም የሚል አስተያየት ሰጥታለች፤ ምክንያቷም ማንም የማያየውና ማንም የማያጠናው ነገር ከቤተ መዘክሩ ቢወጣ የሚጎዳ ጥናት የለም የሚል ነው።

የተማሪዎችን ጥቅም! አንባቢ ይህን ቃል ልብ ይበልልን። ሕጉ ተማሪ ሲል ደብተሩን ይዞ ክፍል የሚገባውን ብቻ ማለቱ አይደለም፤ የሚመራመረውን ሁሉ ማለቱ ነው። ቢሆንም እኛም ከቁጥሩ አንጎድልም። ታቦታቱ ለንደን እንዲቆዩ ከሚጠቀሱት ጥቅሞች አንዱ እንግዲህ የእኛ ጥቅም ነው ማለት ነው። ከእኛ መካከል ግን አንድም ሰው ወደዚያ ክፍል ገብቶ ሊመራመር አይችልም፤ ቢጋበዝም ሊገባ አይገባውም፤ የእንግሊዝም ተማሪ እንዲሁ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሀብት ነው። ይህን ስንል የሕጉን ቃል ልናላግጥበት አይደለም፤ ነገሩ ከባድ ስለ ሆነ ነው። ሕጉ መለኪያ ያደረገው የባለአደራዎቹን አስተያየት ነው። ዕቃው በእውነት ለተማሪ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብሎ አይጠይቅም፤ በእነርሱ አስተያየት ይጠቅማል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። እንዲህ ከሆነ፣ አስተያየቱ መቼ ተሰጠ? ምን ማስረጃ ቀረበ? ተቃውሞ የተናገረ ነበረን? ወይስ ጥያቄው ከቶ በጠረጴዛው ላይ አልወጣም? ለእነዚህ ሁሉ መልሱ ያለው በቃለ ጉባኤው፣ በደብዳቤውና በማስታወሻው ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አይገኝም። ሕግ የሰውን አስተያየት መለኪያ ሲያደርግ፣ አስተያየቱ የተጻፈበት ወረቀት ተራ ወረቀት መሆኑ ይቀራል።

እንግሊዞች ለዚህ የሚሆን በር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውና ከጃንዋሪ 2005 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሠራው የመረጃ ነፃነት ሕግ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩትን መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ ለተጠየቁት ነገር በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡ ያስገድዳል። የብሪታንያ ቤተ መዘክርም ከእነዚህ አንዱ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሪተርኒንግ ሄሪቴጅ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ባለአደራዎቹ ስለ ታቦታቱ የተነጋገሩበትን ወረቀት ጠየቀ። ቤተ መዘክሩ ጥቂት ሰጠ፤ ዋና ዋናውን አስቀረ፤ ከሰጠውም ላይ ብዙውን ሸፈነ። ድርጅቱ በዚህ አልረካምና ለመረጃ ኮሚሽነሩ አቤቱታ አቀረበ፤ ጋዜጦችም በማርች 2024 እ.ኤ.አ. ነገሩን አወጡት።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ መጋረጃዎች የሚምታቱት። የመቅደሱ መጋረጃ ሥራው ግልጽ ነው፤ ቅዱሱን ከማይገባው ዓይን ይለያል፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደማይገባ የሚወስነውም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው እንጂ የዕቃ ቤቱ ሹም አይደለም። በወረቀት ላይ የሚፈስ ጥቁር ቀለም ግን ምንም ቅድስና አይጠብቅም። ስለ ታቦት የሚናገር ደብዳቤ ታቦት አይደለም። ባለአደራ ስብሰባ ላይ የተናገረው ቃል በሜሮን አልታተመም። ካህን ያልሆነ ሰው ቢያነበው የሚፈርስ ሥርዓት የለም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ራሷ እንኳ ታቦቱን እየሸፈነች፣ ስለ ታቦቱ ግን በወንጌሏ ኅዳግ ላይ ትጽፋለች፤ ማን እንዳሠራው፣ ምን መሬት እንደ ተሰጠው፣ ምስክሮቹ እነማን እንደ ነበሩ ስማቸውን እየጠራች በብራና ላይ ታሰፍራለች። የጎንደርን ዘመን የመሬት ታሪክ ያጠና ሁሉ ይህን ጽሑፍ ሳያይ አላለፈም። ይህ ጽሑፍ የሚጻፈው ክርክር ሲነሣ እንዲወጣና እንዲነበብ ነው። እንግዲህ ታቦትን ሸፍኖ መዝገብን መግለጥ በእኛ ዘንድ የኖረ ልማድ ነው፤ የእኛን ልማድ አከብራለሁ የሚል ቤተ መዘክር ግማሹን ብቻ አክብሮ መቅረት አይገባውም ነበር።

በቤተ መዘክሩ በኩል ሊቀርብ የሚችለውን መከራከሪያ መዝለል ግን አይገባም። የእንግሊዝ ሕግ ራሱ መሥሪያ ቤት መልስ ሊከለክልባቸው የሚችላቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ከእነዚህ መካከል የጠበቃ ምክር ሳይገለጥ የመቆየት መብቱና ባለሥልጣኖች ሳይሸማቀቁ በነፃ እንዲመካከሩ የሚለው ይገኙበታል። ሁለቱም ዋዛ አይደሉም። የሚናገረው ቃል ሁሉ ነገ በጋዜጣ የሚወጣበት ባለአደራ በስብሰባው ላይ እውነተኛውን አሳቡን ይደብቅ ይሆናል፤ ቃለ ጉባኤውም እየሳሳ ይሄዳል። ይህን ፍርሃት እኛም እንረዳዋለን። ሆኖም ሕጉ በእነዚህ ምክንያቶች ላይ ሚዛን አስቀምጧል፤ ምክንያቱ ቢኖርም እንኳ የሕዝብ ጥቅም ለመግለጥ የሚያደላ ከሆነ መግለጥ ግድ ነው። ምክክር እስኪጠናቀቅ ድረስ ቢሸፈን ይገባናል። ታቦታቱ ግን ከአምባው ከወረዱ ከ150 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የባህል ሚኒስትሯ ሂሩት ካሳው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለንደን ድረስ ሄደው እንዲመለሱ ጠይቀዋል። ቤተ መዘክሩም በበኩሉ ታቦታቱን በእንግሊዝ አገር ላለች የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በውሰት የመስጠት አሳብ እንዳለው አስታውቋል። በውሰት! የራስን ታቦት በውሰት መቀበል ለካህኑ ምን ስሜት እንደሚሰጠው ለአንባቢ እንተወዋለን፤ ለእኛ ግን ወረቀቱ የበለጠ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ቤተ መዘክሩ ታቦቱ ከሕንፃው ቢወጣ ለተማሪ የሚቀር ጥቅም እንደሌለ ካመነና ለማዋስ ከተዘጋጀ፣ ለመመለስ የከለከለው ምንድን ነው? ይህን የመሰለውን ጥያቄ የሚፈታው የተሸፈነው ገጽ ነው።

ሌሎች ምን እንዳደረጉ በጥቂቱ እንመልከት። በኤዲንበርግ የሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን በቁም ሣጥኑ ውስጥ ያገኘውን ታቦት ራሱ ተነሣሥቶ መለሰ፤ ታቦቱ በየካቲት 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የወጣውን ሕዝብ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር፣ እርሱም በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደረው፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ጸጉር በ2011 ዓ.ም. አስረክቧል። የብራና መጻሕፍቱን በተመለከተ ዊሊያም ራይት ዝርዝራቸውን አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1877 አሳትሞታል፤ ይህ ማለት መጻሕፍቱ ከመቅደላ በወጡ በ9 ዓመት ውስጥ የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ ማንም ሊያውቅ ቻለ ማለት ነው። ዛሬም ብዙዎቹ በፎቶግራፍ ተነሥተው ከዚህ ሆነን እናነባቸዋለን። በ1872 እ.ኤ.አ. በወራት ውስጥ መልስ የሰጠ ቤት፣ በ9 ዓመት ውስጥ ያን የመሰለ ዝርዝር ያወጣ ቤት፣ መዝገብ መያዝም ሆነ መግለጥ አቅቶት አይደለም። ሲፈልግ ይችልበታል።

«ባለአደራ» የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ ያለው ክብደት በእንግሊዝኛው ላይ ይኑር አይኑር ለቋንቋ ተማሪዎች እንተወዋለን። በእኛ ዘንድ ግን አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ከመጠበቁ ሌላ አንድ ግዴታ አለበት፤ ሲጠየቅ ይናገራል። ዕቃው የት አለ፣ በምን ሁኔታ አለ ቢሉት «አይመለከትህም» ብሎ የመለሰ ባለአደራ፣ ዕቃውን ባይነካውም እንኳ በአገራችን የሚሰጠውን ስም ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ስንጽፍ ከጎናችን የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ አንስትም። «ለንደንን ከመውቀሳችሁ በፊት የቤታችሁን በር አንኳኩታችኋል ወይ?» የሚሉን ጓደኞች አሉ፤ ትክክልም ናቸው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ከመካከላችን አንዱ ለጥናቱ የ40 ዓመት ዕድሜ ያለው የአንድ ትርኢት ፕሮግራም ለማየት፣ ስሙን የማንጠቅሰው መሥሪያ ቤት ሄዶ፣ መጀመሪያ ከኮሌጁ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ የደብዳቤው ደብዳቤ፣ ከዚያም ኃላፊው ከስብሰባ እስኪወጡ ትዕግሥት ተጠይቋል። ምሥጢር የነበረበት ፕሮግራም አልነበረም፤ የተዋናዮቹ ስምና የመግቢያው ዋጋ የተጻፈበት ነው። አዋጁን ጠቅሶ ቢናገር የመዝገብ ቤቱ ሰው ሳቀበት። ስለዚህ የለንደኑን በር ስናንኳኳ የራሳችን በር ተከፍቷል ብለን አይደለም። ሆኖም የአንዱ መዘጋት ለሌላው መዘጋት ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም እንግሊዞቹ «እናንተስ?» ቢሉን የምንመልሰው እንዳይጠፋን ሁለቱን በሮች በአንድ ጊዜ ማንኳኳት ይሻላል። የቤታችንን ነገር በሰፊው የሚመረምር ጽሑፍ ከታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን ብናገኝ ደስ ይለናል።

በእኛ በኩል ለጊዜው የምናቀርበው አሳብ አንድ ነው። የእንግሊዙ የመረጃ ነፃነት ሕግ ጠያቂውን አገርህ የት ነው አይለውም፤ ለምን ፈለግኸውም አይለውም። ከአዲስ አበባ የተጻፈ ደብዳቤ ከለንደን ከተጻፈው እኩል መልስ ይገባዋል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበቡ ተማሪዎች በየራሳቸው ስም አንዳንድ ደብዳቤ ቢጽፉ መልካም ነው። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፤ የመቅደላን ታሪክ መተረክም የለበትም፤ ቁጣም አያስፈልገውም። ባለአደራዎቹ የ1963ቱን ሕግ 5ኛ አንቀጽ በመጥቀስ ስለ 11ዱ ታቦታት የተነጋገሩባቸው ስብሰባዎች ቀናቸው መቼ እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ታቦታቱ ለተማሪዎች ምን ጥቅም እንደሚሰጡ የተጻፈ ማስታወሻ ካለ ቅጂው እንዲላክ ይጠይቅ፤ የውሰቱን አሳብ የሚመለከት ምን ደብዳቤ ከማን ጋር እንደ ተጻጻፉ ይጠይቅ። ከወረቀቱ የተሸፈነ መሥመር ካለ፣ የተሸፈነው በየትኛው የሕጉ አንቀጽ እንደ ሆነና የሕዝብ ጥቅም እንዴት እንደ ተመዘነ በጽሑፍ እንዲገለጽ ይጠይቅ። መልሱ ካላረካ መጀመሪያ ቤተ መዘክሩ ውሳኔውን ራሱ እንደገና እንዲያይ ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ ለመረጃ ኮሚሽነሩ አቤት ይባላል፤ ከኮሚሽነሩም በላይ የይግባኝ ጉባኤ አለ።

ደብዳቤው ላይ የጠያቂው ትክክለኛ ስምና መልስ የሚደርስበት አድራሻ መጻፍ አለበት፤ በኢሜይልም ቢላክ ይበቃል። «ተማሪ ነኝ» ብሎ መጨመር ሕጉ አያስገድድም፤ እኛ ግን እንጨምርበታለን።